አራቱ ብሎኖች

እናንተ ልጆች «የጦር ሜዳ ታሪክ አውራልን» ስትሉኝ የሰሜኑን ግንባር ማለታችሁ ነው። እሱን ሌሎች ያውሩላችሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ዊትኒ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለው መጋዘን ነው።

በፈረንጆቹ 2020 መገባደጃ ላይ ነው። ትዕዛዙ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ደረሰን። ከተዘጋ ሆቴል የወጡ ስድስት ትልልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ተለክተው፣ ተመዝነው፣ ለአያያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ ታይቶ የጭነት ደረጃቸው ይጻፍ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ይጫኑ። አንዱ ማሽን ከፒክአፕ መኪና ይከብዳል። ከጓዶቻችን ግማሹ ኮሮና ይዟቸው ተኝተዋል። የቀረነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ተስፋዬና የወሎው ጀማል። ደብል ሺፍት ከጀመርን አራተኛ ቀናችን ነበር። ደክሞን ነበር፣ በቃ።

ጀማል ሆቴሉ እስኪዘጋ እነዚያኑ ማሽኖች ዘጠኝ ዓመት አሠርቷል። «ጋሼ፣ አውቃቸዋለሁ፤ ልብስ የሚዞርበት በርሜል ይወዛወዛል» አለኝ። ከመነሳታቸው በፊት በርሜሉ በአራት ብሎን ይታሰራል። ያ የኔ ሥራ ነው።

አምስቱን ጫንን። ስድስተኛው ላይ ሁለት ብሎን ጎደለ። የብሎን ሣጥኑን ገለበጥኩ፤ የለም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ወገቤ ተቆርጧል። ሁለቱ ይይዙታል ብዬ ቅጹ ላይ «ታስሯል» ብዬ ፈረምኩ።

ጀማል ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ አራቱም ገብተዋል? ቼክ ላድርግ?»

«አንተ ደግሞ! እኔን ነው የምትጠራጠረው?»

«ኧረ ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ። እርስዎ ካሉማ።» እጁን ሰበሰበ።

ተስፋዬ አነሳ። ጀማል በጎን ቆሞ በእጁ ይመራዋል። ማሽኑ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ሲለቅ ውስጡ ጓ አለ። ብሎኖቹ ተሰበሩ። በርሜሉ ወደ ጀማል በኩል ሄደ፤ ማሽኑም ተከተለው። «ሽሽ!» አልኩ። ማሽኑ ቀደመው።

ሰሜን ከውጊያ በኋላ ስም እንጠራ ነበር። ያን ቀንም አፌ በልማዱ ስማቸውን ጠራ። ተስፋዬ «አቤት» አለ፤ እያለቀሰ። ጠዋት ሦስት ገባን፣ ሁለት ወጣን።

ሰሜን ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ። እነሱን ጠላት ነው የገደላቸው። ለመርማሪዎቹ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስፕሪንግ ቫሊ ቤቷ ሄጄም ብሎን እንደጎደለ ለጀማል ሚስት ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሱ እኮ የበሩን ቁልፍ እንኳ ሁለቴ ነው የሚያየው። እንዴት ቼክ ሳያደርግ ቀረ?»

«ሊያደርግ ነበር» አልኳት። «አክብሮኝ ተወው።»