ከአስፋልቱ ሥር ያለው ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከኦክላንድ በባርት ባቡር ተሻግሬ ሳን ፍራንሲስኮ ስደርስ፣ መሃል መንገድ ላይ ከብረት ክዳን ሥር ነጭ ነገር ይትጎለጎላል። መኪናው ሁሉ በላዩ ያልፋል፣ የሚደነግጥ ሰው የለም። እኔ ግን "ኧረ እሳት ነው!" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ በቀለ ሳቁብኝ።

ጋሼ በቀለ የእንፋሎት ቧንቧ ጥገና ፎርማን ነበሩ። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ ሥራ አጥቼ ስንከራተት፣ አለቃቸው ዘንድ ገብተው "ለዚህች ልጅ እኔ አለሁላት" ያሉልኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ውሃ መስመር ላይ ስለሠራሁ ቧንቧ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

"ጭስ አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ። "አንድ ጣቢያ ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን በመንገድ ሥር ለሆቴሉም ለቢሮውም ይልካል። በሱ ይሞቃሉ፣ በሱ ውሃ ያሞቃሉ። ዝናብ ወይም የፈሰሰ ውሃ የጋለውን ቧንቧ ሲነካው ይተንና በክዳኑ ይወጣል። አንዳንዴም ቧንቧው ራሱ ያፈሳል። አንቺ ግን የምትፈሪው ቧንቧው ውስጥ የተኛውን ውሃ ነው።"

ይህንን ደጋግመው አስተማሩኝ። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ቧንቧው ውስጥ ይቀመጣል። ዋናው ቫልቭ ከመከፈቱ በፊት ውሃው ከታች ባለችው ትንሽ ማፍሰሻ መውጣት አለበት። ውሃው ሲያልቅ ደረቅ እንፋሎት እያፏጨ ይወጣል። ካላፏጨ ቫልቭ አይነካም። ውሃ ከቀረ እንፋሎቱ ውሃውን እየገፋ ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይደበድበዋል።

ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ጉድጓድ ገብተን የቧንቧውን መጋጠሚያ የሚያሽገውን ጋኬት ቀይረን ጨረስን። የሆቴሉ ማናጀር ከላይ ቆሞ "እንግዶቼ በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠቡ ነው፣ ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?" ይላል። በራዲዮ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ "በቀለ፣ ሃሪ አፕ!" እያለ ያጣድፋል።

ጋሼ በቀለ ማፍሰሻውን ከፈቱት። ትንሽ ውሃ ተፋ፣ ሽው አለና ቀጥ አለ። መነጽራቸው ደብዝዟል። "ደርቋል" ብለው በራዲዮ ተናገሩ።

አልደረቀም ነበር። ማፍሰሻውን በእጄ ነካሁት፤ እንፋሎት አልፎበት ቢሆን ይፋጅ ነበር፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ዝገት ደፍኖታል። አወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ሱፐርቫይዘሩ እየሰማ፣ ደንበኛው አናታችን ላይ ቆሞ፣ ሥራ ያስገቡኝን፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው "ተሳስተዋል" ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

"እስቲ ወደ መሰላሉ ጠጋ በይ" አሉኝና ቫልቩን ሩብ ዙር አዞሩት። ቧንቧው አንዴ ጓ አለ። ሁለተኛው ምት ጋኬቱን ፈነቀለው። እንፋሎቱ ሁለት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ላጠው። በዚያው በተላጠ እጃቸው ቫልቩን መልሰው ዘጉት። ባይዘጉት ኖሮ እኔም አልወጣም ነበር።

ሪፖርቱ ላይ "የመሣሪያ ብልሽት" ተብሎ ተጻፈ። የኔን ዝምታ የጠየቀኝ የለም።

ከሁለት ወር በኋላ ሳን ሆዜ፣ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ልጃቸው ሾርባ በማንኪያ ታጠጣቸዋለች። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ጋሼ፣ ማፍሰሻው ቀዝቃዛ እንደነበር አውቄያለሁ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።"

ፊታቸውን ከማንኪያው መለሱ። "ተነሺ" አሉኝ። "እጅሽን ስታሳርፊበት አይቻለሁ። ፊትሽ ሲለዋወጥም አይቻለሁ። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። በሰው ፊት በአንቺ መታረም ከበደኝ።"

ልጃቸው ማንኪያውን እንደያዘች ሁለታችንንም አየችን። "ዌይት፣ ቆይ" አለች። "ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?"

ሾርባው ቀዘቀዘ።

ጋሼ በቀለ ከዚያ ወዲህ መፍቻ አልጨበጡም። ፎርማንነቱ ለኔ ደረሰ። ቫልቭ ከመክፈቴ በፊት አብሮኝ ያለውን "ምን አየህ?" እለዋለሁ፤ መልሱን ሳልሰማ አላዞርም። ማፍሰሻው ካላፏጨ ቧንቧው ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። ያየ ሰው ይናገር። የሚከፍተው ሰው ይጠይቅ።