የስድስት ሰው እንጨት

ሞባይል በሶዶ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ የለቃቀምኳት እንግሊዝኛ ሥራ አስገኘችልኝ። አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ከእኛ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እንጨት ቆጣቢ የሸክላ ምድጃ ያጠና ነበር። እኔም ለፈረንጇ ተመራማሪ አስተርጓሚ ሆኜ ጉኑኖ አጠገብ ወዳለች መንደር በየማለዳው መመላለስ ጀመርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዲት እናት አንድ ሳምንት በሦስት ጉልቻ፣ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት በአዲሱ ምድጃ ያበስላሉ። ጠዋት የሚነደውን እንጨት መዝነን እንሰጣቸዋለን፤ በማግስቱ የተረፈውን እንመዝናለን። ከዚያ በወላይትኛ እጠይቃለሁ፦ "ትናንት ከተበሰለው ስንት ሰው በላ?"

"ስድስት" ይላሉ። ባልና ሚስት፣ አራት ልጆች። ቅጹ ላይ ስድስት ብዬ እጽፋለሁ፤ የነደደው እንጨት ለዚህ ቁጥር ይካፈላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ስላልተዋወቅን ከደጅ መዝነን እንመለስ ነበር። በሁለተኛው ተላመድን። ስንደርስ ጎደሬው ተቀቅሎ ይጠብቀናል፤ ጸሎት ይደረግና እኔ፣ ፈረንጇ፣ ሾፌሩና የቀበሌው መንገድ መሪ ተደርድረን እንበላለን። ፈረንጇን ማጥቀሻው ዳጣ በቃሪያው አቃጥሎ አስለቀሳት።

"እስከ ዛሬ እኔን ጭሱ ያስለቅሰኝ ነበር" አሉ እናትየዋ እየሳቁ። "አሁን ተራው የእሷ ነው በላት።"

ሳምንቱ ሲያልቅ ፈረንጇ ከወረቀቷ ቀና አለች። "ምድጃው ከጉልቻው የበለጠ እንጨት ይፈጃል" አለችኝ። "እንዲህ ከሆነ እናነሣዋለን።"

ተረጎምኩላቸው። እናትየዋ ምድጃውን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

"ሚዛናችሁ አያውቅም" አሉ። "ዓይኔ ያውቃል።"

ጥፋቱ የት እንዳለ ገብቶኝ ነበር። ስድስት ያሉት ዋሽተው አይደለም። እንግዳ በልቶ ሲሄድ አይቆጠርም፤ መቁጠር ስስት ነው። እኔም ጎደሬውን እያላመጥኩ ስድስት ብዬ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። እሳቸው ፊት ማረም ግን ያበሉኝን መቁጠር ሆነብኝ። መኪና ውስጥ እስክንገባ ታገሥኩ።

"አሥር ነን" አልኳት። "እኛን ጨምሪ።"

"ለምን አልጻፍከውም?"

"አፈርኩ።"

ቅጾቹን መልሳ አገላበጠች። በኋላ፣ በግምት ማረም እንደማይቻል፣ የምድጃው ሳምንት እንደሚደገም፣ ማናችንም እንደማንቀምስ ነገረችኝ።

ሦስተኛውን ሳምንት ከደጅ ተመለስን። አንድ ቀን ሆዴን አሞኛል አልኩ፤ ሌላ ቀን ቸኩለናል። በአራተኛው ቀን ሰበቤ አለቀ። እናትየዋ ቅር መሰኘታቸውን አልተናገሩም፤ ሰላምታቸው ግን አጠረ። በቅጹ ጀርባ ስለ እሳቸው ግጥም ልጽፍ ሞክሬ ሁለት ስንኝ ላይ ቆምኩ።

በመጨረሻው ጠዋት ፈረንጇ ደምራ ቀንሳ ፈገግ አለች። ምድጃው ከጉልቻው በብዙ ያነሰ እንጨት ነበር የፈጀው።

"ምድጃው የእርስዎ ነው፤ አይነሣም" ብዬ ተረጎምኩ።

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ሄዱ። ሲመለሱ እንፋሎቱ ያልበረደ ጎደሬ በትሪ ይዘዋል። ፈረንጇ እኔን አየችኝ፤ እኔ ቅጹን።

"ብሉ" አሉ ትሪውን መሐላችን እያስቀመጡ። "የጎረቤቴ እንጨት ነው። እሷ ቤት ሚዛን አይገባም።"