ካባ አለው የተባለው ሰው

እናቴ አባቴን ያገባችው አንድ ቃል ተሳስታ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ናት ለጎረቤቱም ለዘመዱም ስታወራው የኖረችው። ሽማግሌዎቹ ፈላና በር አጠገብ ወዳለው የአያቶቼ ቤት መጥተው ሲቀመጡ እሷ ጓዳ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች። አባቷ «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ካባ አለው» አሉ።

«ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም» ትላለች እናቴ። ጥቁር ከፋይ የደረበ፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ የለበሰ ሙሽራ ታያት። በሠርጋቸው ቀን አባቴ በኮት መጣ፤ ኮቱም የተዋሰው ነበር። ካባውን ለመልስ አስቀምጦት ይሆናል ብላ ጠበቀች። በመልሱም ያው ኮት ነው። በመጨረሻ አላስችል ብሏት «ካባህስ?» ስትለው መስኮቱን ከፈተና ከከተማው በስተደቡብ ያለውን ሐኪም ጋራን አሳያት። ተራራው ጎን ላይ ነጭ ጠባሳ የመሰለ ቦታ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ድንጋይ እየፈለጠ የሚያወጣበት ካባ ነው። «ያውልሽ» አላት።

ያን ቀን እናቴ ማለች። «ያን ካባህን ሳታለብሰኝ ወደዚያ እግሬን አላነሳም!» አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለመናት። እሑድ በመጣ ቁጥር «ነይ እስቲ፣ ከተማው ከላይ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር ላሳይሽ» ይላታል። «አልብሰኝና እመጣለሁ» ትለዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ የሚጣሉ ይመስለኝና እሸማቀቅ ነበር፤ እየተጫወቱ መሆናቸው የገባኝ ኋላ ነው። ካባው ተዘጋ፣ አባቴ አረጀ፣ ሞተ። እሷ ግን አንድም ቀን አልወጣችም።

ዘንድሮ ዐይኗ ደከመ። ዶክተሩ የዐይኗ ብርሃን እየጠበበ እንጂ እየሰፋ እንደማይሄድ ቁርጡን ነገራት። ከሐኪም ቤት ወጥተን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ አሁን ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ። እሷ እቴ! ክንዴን ያዝ አደረገችና «ሳይጠፋብኝ የአባትሽን ካባ ልየው» አለችኝ።

«እማዬ፣ አሁን እዚያ ምን ይታያል? ድንጋይ ነው እኮ።»

«ድንጋዩን ነው የማየው።»

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ እስከሚችለው አወጣንና ከዚያ በእግራችን ቀጠልን። መንገዱ ዳገት ነው ለማለት ያህል ነው እንጂ ለስላሳ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበታል። እንዲያም ሆኖ ቀድማ ያለከለከችው እሷ ሳትሆን ቢሮ ተቀምጬ የምውለው እኔ ነኝ። «አይ የኔ ልጅ፣ አንቺን ማን ይደግፍሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እሷም ብትሆን ቶሎ ቶሎ አልሄደችም። የጥድ ፍሬ ከመሬት ታነሳለች፣ ዐይኗ ድረስ አስጠግታ ታገላብጣለች፣ ትጥላለች። አንድ ጉቶ ላይ የበቀለ የዛፍ ሽበት ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። ቆሜ ጠበቅኳት። እየተሰናበተች መሆኑ ገባኝ።

አጋማሽ ላይ አንድ ጎልማሳ ገበሬ የጫት እስሩን ታቅፎ ወደ ከተማ ሲወርድ አገኘን። ለእናቴ መንገድ ለቆ ቆመ።

«አዴ፣ በሰላም ነው? ወዴት ነው ዳገቱን?»

«ካባውን ልናይ ነው ልጄ።»

«ካባ? ወላሂ፣ አሁን ካባ የሚባል የለም። ዛፍ ተከሉበት፣ የቀረውን ጫካው ራሱ ዋጠው። ምንም አያዩም እዚያ።»

ሰውየው ክፉ አላሰበም። እኔ ግን አፉን በያዝኩለት ብዬ ተናደድኩ። እሱም የእናቴን ፊት አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ «አብሽሩ አዴ፣ ቅርብ ነው። ያቺን ትልቅ ጥድ ሲያልፉ ወደ ቀኝ ነው፤ ኢንሻአላህ ይደርሳሉ» ብሎ መርቆን ወረደ።

«እንመለስ?» አልኳት።

«ከዚህ ደርሼ? ሂጂ ወደዚያ!» አለችና ቀደመችኝ።

እውነትም ካባው የለም። ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረው ጉድጓድ ውስጥ ዛፎቹ ከእኛ በላይ ቆመዋል። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠውን ቋጥኝ ከአናቱ እስከ እግሩ ሐረግ ሸፍኖታል። እናቴ ዐይኗን አጥብባ ከወዲያ ወዲህ ፈለገች።

«ነጩ የት አለ?»

«የለም እማዬ። አረንጓዴ ሆኗል ሁሉም።»

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከዚህ ቀደም ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ልብስ ለማስጣት ወደ ጓሮ በወጣች ቁጥር ወደዚህ ነጭ ቦታ ታይ ነበር። አቧራው ቡን ካለ እየሠራ ነው፣ ደህና ነው ብላ ትገባለች። ቋጥኝ ተንዶ ሰው የጎዳ ጊዜ አቧራው ዳግመኛ እስኪነሳ ከጓሮ አልገባችም። «አልመጣም አልኩት እንጂ ከዚህ ተለይቼ አላውቅም» አለች። «ሞኝ ነኝ። ይህን ነግሬው ቢሆን ምን ነበረበት?»

እጇን ይዤ አስነሳኋትና ወደ ቋጥኙ ወሰድኳት። ሐረጉን ገለጥ አድርጌ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አኖርኩት። መሮ የሄደበት መስመር አለ፤ ጎን ለጎን የወረደ። ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ተከተለችው፤ አንዱን ስትጨርስ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ከዚያ ደክሟት ነው መሰለኝ ጀርባዋን ለቋጥኙ ሰጥታ ቆመች። የገለጥኩት ሐረግ ከእጄ አመለጠና ሁለቱም ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ጫፉ እስከ ቀሚሷ ጠርዝ ደረሰ።

ላነሳላት እጄን ስዘረጋ «ተይው» አለችኝ። ነጠላዋን ከሥሩ አስተካከለች፣ አንገቷን ቀና አደረገች፤ እኔ ያለሁበት ወደመሰላት ወደ ጎን ዞራ ፈገግ አለች።

«እንዴት ነው? ሰፋኝ?»

«ልክሽ ነው እማዬ» አልኳት።