ዱቄት የሌለበት እጅጌ

ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ሊጥ ሲያቦካ፣ ሲያድቦለብልና ከምድጃ ሲያወጣ ያድርና ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ እሱ ወደ ቤት ይገባል። ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ስለሚነጣ ያለዕድሜው የሸበተ ይመስላል። "ሽማግሌው መጡ" እያልኩ እቀልድበታለሁ። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ አብሬያቸው ስለምኖር የመቀለድ መብት አለኝ።

አንድ ልጅ አለው። "አለቃ" ነው የምንለው፤ የቤቱን ጫማ በሙሉ በር ላይ የሚያሰልፈው፣ አንዱ ከሰልፍ ከወጣ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጠው እሱ ነው። ኦቲዝም አለበት። ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከአፉ የምትወጣው ቃል ግን አንዲት ብቻ ናት፤ "ዳቦ"። ጠዋት ጠዋት በሩ ሥር ቆሞ "ዳቦ፣ ዳቦ" ይላል። አባቱ ሲገባ እጅጌውን ይዞ አፍንጫውን ይቀብርበታል፤ ጫፉንም ይጠባል። "የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሌላ ምን ይበል!" ብለን እንስቅ ነበር።

አንድ ቀን የወንድሜ ሚስት ከሌላ እናት ወሬ ሰምታ መጣች። እንደ አለቃ ያለ ልጅ ስንዴና ወተት ሲከለከል አፉን ፈታ አሉ። ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። እሱም "ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። ከሞከራችሁ ግን ክብደቱን እየመጣችሁ አስለኩ፤ በወተቱ ፋንታ ምን እንደሚበላም እንነጋገር" አላት። እሷ የሰማችው "ሞክሩ" የሚል ብቻ ነው። አልፈርድባትም። ልጇ አንድ ቀን "እማ" እንዲላት ነው የምትንሰፈሰፈው።

በማግስቱ ቤታችን ተገለበጠ። ብስኩቱ፣ ማካሮኒው፣ እርጎው፣ ቅቤው ተጠራርጎ ወጣ። የሩዝ ዱቄት ዳቦ ገባ። የወንድሜ ሚስት ቁጭ ብድግ ማለት አበዛች፤ የእያንዳንዱን ማሸጊያ ጀርባ ታነባለች፣ መልሳ ታነባለች። እኔንም አልማረችኝም። "ሻይሽን በብስኩት ልትጠጪ ከሆነ ደጅ ውጪ!" አለችኝ። ደጅ ወጥቼ እንደ ሌባ እየተገላመጥኩ በላሁ።

ቀጥሎ ዓይኗ የወንድሜ እጅጌ ላይ አረፈ።

"ይሄ ልጅ እኮ አንተን እየላሰ ነው" አለችው።

"እኔ ስንዴ ነኝ እንዴ?"

"አዎ፣ ነህ።"

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይገባ ጀመር። አለቃ አያየውም። በጎኑ ያልፍና በሩን እያየ "ዳቦ! ዳቦ!" ይላል። አባቱ እጅጌውን ሲዘረጋለት ይገፋዋል። ከዚያ ጩኸት ነው፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ነው።

"ዳቦ አምሮት ነው" ትላለች እናቱ እያለቀሰች። የሩዙን ዳቦ ስትሰጠው ይወረውረዋል። ምሳ ላይ ግን ያንኑ ዳቦ ጥርግ አድርጎ ይበላል። ግራ ገባን። ወንድሜ ቀን ተኝቶ ማረፍ ሲገባው ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ይንቆራጠጣል። "ልጄ ጠላኝ" አለኝ። "ደግሞ ጀመረህ!" አልኩት። አንጀቴን ግን በልቶታል።

አንድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውሃ ጠፋ። ወንድሜ እንደነጣ መጣና አልገባም ብሎ ደጅ ቆመ፤ "ፎጣና ልብስ አቀብሉኝ" አለ። ልብሱን ይዤ በሩን ገርበብ አድርጌ ስከፍተው አለቃ በጎኔ ሾልኮ ወጣ። እናቱ "ያዢው!" ብላ ጮኸች። ማን ይይዘዋል! አባቱ ደንግጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ልጁ ወገቡን አቅፎ ሆዱ ላይ ተለጠፈ። አልላሰም፣ አልጠባም። ፊቱን እንደቀበረ፣ በቀስታ፣

"ዳቦ" አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ አባቱን አየውና ደገመው። "ዳቦ።"

የወንድሜ እጆች እንደተሰቀሉ ቀሩ። "እኔን ነው እንዴ?" አለ። "እስከዛሬ ሲጠራ የኖረው እኔን ነው እንዴ?"

 ሚስቱ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን አየሁት፤ ደስታም አለበት፣ ቅናትም አለበት። የልጇን አፍ ለማስፈታት ስትኳትን እሱ ለካ አባቱን ሲጣራ ነው የከረመው። እሷን ገና አልጠራትም።

"ልብስህን አትቀይር" አለችው በመጨረሻ። "እጅጌህን ብቻ ጠቅልለው፣ እንዳይጠባው።"

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፤ የራሷን እጅጌ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች።

"እኔስ?" አለችኝ። "እኔ ምን ምን እሸታለሁ?"