የራጅ አንሺው መስኮት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ስንት ጠብታ ይሆናል? ጥያቄው የፈላስፋ ይምሰል እንጂ የጡረታ ቅጽ የሞላ ሰው ሁሉ ይደርስበታል። ቅጹ ላይ «የአገልግሎት ዘመን» የሚል አንድ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ሁለት አኃዝ ይጻፍና ብዕሩ ይቀመጣል። ይህ ሰው ሠላሳ አራት ብሎ ጻፈ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሰውን አትተንፍስ ሲል ኖሯል።

ራጅ አንሺ ነበር። ክፍሉ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። በሽተኛውን ደረቱን ከሰሌዳው ጋር ያስለጥፈዋል፣ ትከሻውን በሁለት እጁ ወደ ፊት ይገፋለታል፣ አገጩን ቀና ያደርግለታል፤ ከዚያ ጨረር ከሚከለክለው የእርሳስ ግርዶሽ ኋላ ይገባና በዚያች በጠባብ መስታወት እያየ «አየር ይሳቡ፤ አይተንፍሱ፤ አሁን ይተንፍሱ» ይላል። ሌላው ይገባል፤ ያንኑ ይላል። ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ትልቁ ሐኪም ስሙን ትተው «አይተንፍሱ» ብለው ይጠሩት ጀመር። «አይተንፍሱ ምሳ ወጥተዋል» ይባላል፤ «ይህን ወረቀት ለአይተንፍሱ ስጪልኝ» ይባላል። ሚስቱም ቤት ገብቶ ነገር ሲያበዛባት፣ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ እዚህ እንኳ እንተንፍስበት» ትለዋለች።

ወፍ የሚባል ነገር ሕይወቱ ውስጥ የገባው በአንድ ተራ ጠዋት ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ መስታወት ጋር ተላትማ የወደቀች ትንሽ ወፍ በመዳፏ ይዛ መጣች። «ይቺም ወረፋዋ ደርሷል፣ ክንፏን ይዩላት» አለች፤ ስትቀልድ ነው። እሱ ግን ቀልድ አላደረገውም። ወፏን ፊልሙ ላይ በቀስታ አስተኛት፣ ከግርዶሹ ኋላ ገባ፣ እንደ ልማዱ አትተንፍሺ አላት፤ አነሳት። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከነጩ መብራት ላይ ለጥፎ ብዙ ቆመ። አጥንቷ እንደ ስፌት ክር ነው፤ ክሩም ውስጡ ክፍት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ውኃ የቋጠረ ሳንባ አይቷል፣ የተዋጠ ቁልፍ አይቷል፣ ባለቤቱ የረሳውን የልጅነት ስብራት አይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቶ አያውቅም። ዘወር ሲል ወፏ ከድንጋጤዋ ነቅታ፣ ኮሪደሩን ይዛ፣ በዋናው በር ወጥታለች። የጽዳት ሠራተኛዋ እየሳቀች፣ «ሳትከፍል ሄደች» አለችው።

ያን ቀን ቤቱ ሲሄድ አንድ ነገር ከነከነው። ወፏ ምን ቀለም ነበረች? ቡናማ ትሁን አረንጓዴ ልብ አላለም። አጥንቷን ያውቃል፣ መልኳን አያውቅም። እያደር ሲያስበው፣ ሰዎቹንም ሁሉ እንዲሁ እንደሆነ ገባው። የጎረቤቱን የጎድን አጥንት ለይቶ ያውቃል፤ ጎረቤቱ መንገድ ላይ ቢያገኘው ግን ሰላም ያለው ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ከዚያ በኋላ ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ያገለገለ ካሜራና ረጅም ሌንስ ገዛ፤ ጡረታ ስወጣ ወፍ ባለበት አገር እኖራለሁ አለ። ሰው የቀረችውን ጥቂት ዓመት የት እንደሚያኖራት መምረጥ ይችላል ብሎ ያመነበት ጊዜ ነበር። ደብተር አወጣና ሦስት ቦታ ጻፈ፤ ለሚስቱም አነበበላት። ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሰሌዳ ፊት ቆማ ስትውል ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ስለ ሐይቁ ዳር ሲነግራት፣ ጉልበቴን ለእርጥበት ልገብርልህ ነው ወይ አለችው። ስለ ጫካው ጥግ ሲነግራት፣ አውቶቡሱ በሳምንት ሁለቴ እንደሚመጣ ጠይቃ ተረዳችና፣ «ብታመምስ በወፍ ነው የምታስጭነኝ?» አለች። ሦስተኛው ረግረግ ነው። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ፤ ሸምበቆ የወረሰው ሰፊ ውኃ፤ ከበላዩ ደረቅ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ በረንዳ ያለው ባለ ሁለት ክፍል የሚከራይ ቤት፣ ከቤቱ ዝቅ ብሎ ጤና ጣቢያ። እዚህ ላይ የሚነቀፍ አጣችለት። ቢሆንም ሳላይ አልፈርምም አለች። በዓመት ፈቃዱ ሄደው አንድ ሳምንት ሊቀመጡ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ጠዋት ሸምበቆው ውስጥ ተጎንብሶ ሳለ አንድ ሽመላ ከሌንሱ ፊት መጥቶ ቆመ። አንድ እግሩን አጥፏል፤ ላባው ላይ ጤዛ አለ። ሰውየው አነጣጠረ፣ ጣቱን አስቀመጠ፣ ያኔ ከአፉ አመለጠው።

«አይተንፍሱ!»

ሽመላው ሄደ። ከኋላው በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ሳቋ እንባዋን አወረደው። ፎቶው ላይ የቀረው ሸምበቆና የአንድ እግር ጫፍ ነበር። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀንም። ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ ቃሉ ይወጣል። ያን ሁሉ ዓመት ያንን ቃል ሳይል ማንንም አንስቶ አያውቅማ፤ ጣቱና ምላሱ አንድ ሆነዋል። የሳምንቱ ፎቶ ሁሉ ጅራትና ባዶ ቅርንጫፍ ሆነ። ሚስቱ መላጣውን መታ መታ እያደረገች፣ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አንተን ሁለቱም ደረሱብህ» አለችው።

በመጨረሻው ጠዋት ግን በርጩማዋን ትታ፣ ጉልበቷን እየያዘች መጥታ ከጀርባው ተጠጋች። ሽመላው መጣ። እሱ ሲያነጣጥር በመዳፏ አፉን ግጥም አድርጋ ከደነችው። ቃሉ እጇ ውስጥ ቀረ። ሽመላው አንገቱን ዘርግቶ፣ ዐይኑ ቢጫ፣ ጤዛው ሳይቀር ፎቶው ውስጥ ገባ። ሰውየው ከዚያ የሚሻል ፎቶ አላነሳም፤ ከዚያ የሚሻል ጠዋትም ያየ አይመስለኝም።

«እሺ» አለች ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፤ «እዚህ ይሁን። አፍህን የሚይዝልህ ሰው ያስፈልግሃል።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ሲመለስ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ፣ ምትክ እስክናገኝ ትንሽ ቢታገሡን ጋሼ፣ አለው። እምቢ ለማለት ቆርጦ፣ ዕቃውን ሊሰበስብ ወደ ምድር ቤት ወረደ። አግዳሚው ላይ የሚያስሉ ሰዎች ካርድ ይዘው ተሰልፈዋል። አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ አየችውና፣ «መጡ፣ እሳቸው መጡ» አለች ለጎረቤቷ። የሥራ ሽርጡን አጠለቀ። ትንሽ የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። የረግረጉ ቤት አከራይ አንድ ክረምት ጠበቀ፤ በሁለተኛው ቤቱን ለመንገድ ሥራ መሐንዲሶች አከራየ። የሚስቱ ጉልበትም አልጠበቀም። መጀመሪያ ደረጃ ከለከላት፣ ቀጥሎ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ያለ ምርኩዝ መቆም። ሰውየው የጡረታ ቅጹን በሞላ ጊዜ ደብተሩ ላይ የቀረ ቦታ አልነበረም። ልጃቸው፣ እኔ እያለሁ የት ልትንከራተቱ ነው ብላ መኪና ይዛ መጣች፤ ጠቅልለው ገቡላት።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ነው። የቤቱን ደህናውን ክፍል ለቀቀችላቸው፤ ምንጣፍ ያለው፣ አዲስ መጋረጃ ያለው፣ መታጠቢያው እዚያው የሆነ። መስኮቱ ወደ ጎዳናው ነው። ከመስኮቱ የሚታየው የጎማ ጥገና ቤትና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ላይ ቁራ እንኳ አያርፍም። አማቹ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን ገዝቶ ሰቀለና፣ «አባባ፣ ወፍ ሲያምርዎ አርባ ቁጥርን ይጫኑ» ብሎ መቆጣጠሪያውን እጁ ላይ አደረገለት። ተጫነው። አርባ ቁጥር ላይ ወፎች ነበሩ፤ ሁሉንም ሌላ ሰው አንስቷቸዋል። አመሰግናለሁ አለ።

አንድ ቀን መዶሻ ፍለጋ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወዳለው እቃ ቤት ገባ። አሮጌ ፍራሽ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የልጅ ብስክሌት፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ። ጨለማ ነው፤ ጨለማው ለእሱ ባዳ አልነበረም። ከፍራሾቹ በላይ አቧራ የጠገበች ጠባብ መስኮት አለች። በክርኑ ጠረጋት። ከአጥሩ ኋላ የሰፈሩ ፍሳሽ ውኃ ተጠራቅሞ፣ ዳሩ ሸምበቆ አብቅሏል። ሸምበቆው ላይ አንዲት ወፍ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጀርባዋ የወይራ ቅጠል የመሰለ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ። ካሜራውን አመጣ። አነጣጠረ። «አይተንፍሱ» አለ፣ ማምለጡ አይቀርምና። ወፏ ንቅንቅ አላለችም። በመሐላቸው መስታወት አለ፤ አትሰማውም፣ ጨለማ ውስጥ ነውና አታየውም። እንደገና አለ። እስኪበቃው አለ። አቧራ እንደለበሰ ወጥቶ ለልጁ፣ ክፍሌን ለልጆችሽ ስጪና እኔን እዚያ አስገቢኝ አላት።

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ የምሩን መሆኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ አንተን እቃ ቤት አስተኝቼ በየት ዐይኔ ሰው አያለሁ?»

መተኛቱ ይቅር፣ በቀን ልቀመጥበት አለ። አቧራው ለደረትህ አይሆንም አለችው፤ ስለ ደረት ለእሱ ስትነግረው ትንሽ አፈረች፣ ግን ቃሏን አላነሳችም። አማቹን ጠየቀ፤ አማቹ ለክብርዎ አይመጥንም አለና ሳምንት ሳይሞላው ለፎቴው አዲስ ትራስ ገዛለት። ሚስቱን ጠየቀ። ከሁሉ የምትረዳው እሷ ናት ብሎ ነበር። እጇን ምርኩዙ ላይ እንዳደረገች፣ «ልጅቷን አታሳፍርብኝ፤ ይቅር በለው» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እቃ ቤቱ ውስጥ ተገኘ። በሦስተኛው በሩ ቁልፍ ተበጀለት፤ ቁልፉም ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

እሱ ግን መጠየቁን አልተወም። አልጋ ከያዘ በኋላም፣ ትራሱን ሊያስተካክሉለት ሲያጎነብሱ፣ ያው ራጅ ክፍል ውስጥ ሲሠራበት በኖረው ቀስ ያለ ድምፅ ለእያንዳንዳቸው በየተራ ይነግራቸው ነበር። «እቃውን አታውጡት፤ ባለበት ይሁን» ይላል። «እኔን መስኮቱ ጋ፣ በእቃው መሐል አስቀምጡኝ።»