ከሁለት ሜትር በታች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታባዛ ወደ ሱቃችን መጣች። ሱቃችን ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እዚያ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የማባዛውን ወረቀት የማንበብ ልማድ አለብኝ። ባለቤቱ ሥራ ያዘገያል እያለ ይቆጣኛል፤ ግን ማንበብ የሚችል ሰው ወረቀት በእጁ ይዞ እንዴት ዝም ብሎ ያሳልፋል? ከጽሑፏ መሐል ባለቀለም ፎቶ ነበረበት። ድንጋያማ ተዳፋት፣ በላዩም የተንጨባረረ ቁጥቋጦ። ከሥሩ «ክትክታ የበዛበት የተራቆተ ቁጥቋጦ» ይላል። ማሽኑ ላይ ላስቀምጠው ስል እጄ ዘገየ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ደህና ነው» ብዬ ክዳኑን ዘጋሁት።

በፎቶው ያለው ቦታ ሌላ ነው፣ ከሐረር የራቀ። አጠራሩ ግን ያን ጊዜ እኔ በእስክሪብቶዬ ከጻፍኩት በአንድ ቃል አይለይም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ። ዕፅዋትን የተማርኩት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የግብርና ሠራተኞች ለማባዛት ከሚያመጧቸው መጻሕፍት። ቀለም የተዝረከረከበትን፣ ጠርዙ የተቆረጠበትን ቅጂ ከመጣል ይልቅ ቤት እወስደውና እጠርዘዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ግንብ ውጭ እየወጣሁ ቅጠሉን ከሥዕሉ ጋር አስተያያለሁ። የቅጠሉ ጠርዝ መጋዝ ነው ወይስ ልሙጥ? ጀርባው ነጣ ይላል ወይስ አይልም? አንድ ነገር ካላረጋገጥኩ አልመዘግብም ነበር። እናቴ ኪሴን እያራገፈች «የኔ ልጅ ቅጠል በጣሽ ሆኖ ሊቀር ነው» ትላለች፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ፍርሃት።

አቶ ደረጀ የሚባሉ የዕፅዋት ባለሙያ የመመዝገቢያ ቅጽ ሊያባዙ የመጡት በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ከሐረር ወጣ ያለውን የሶፊን ገጠር የዕፅዋት ካርታ ለመሥራት ነበር የመጡት። ቅጹን አነበብኩና «ቀጋ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ደደሆ ደግሞ የለም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ደደሆን በምን ታውቀዋለህ አንተ?»

ነገርኳቸው። በሳምንቱ ገመድና ሜትር ይዤ ከመኪናቸው ኋላ ተቀምጬ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በየቦታው ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር በገመድ እናጥራለን። ከገመዱ ውስጥ ያለውን እንጨትነት ያለው ተክል ሁሉ በየዓይነቱ እንቆጥራለን፤ ቅርንጫፉ ምን ያህል መሬት እንደሚያጠላም እንለካለን። ብዙውን መሬት ያጠላው ዝርያ ለቦታው ስሙን ይሰጣል። ከዚያ የመሬቱ ጠባይ ይጨመራል፤ ቁልቁለት፣ ገደል፣ የወንዝ ዳር፣ ሜዳ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ስም ይወጣል፦ የወንዝ ዳር የሾላ ደን፣ የሜዳ ግራር፣ የገደል ቁልቋል። አንድ ደንብ ነበረው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በታች የሆነ ተክል ስም ለመስጠት አይቆጠርም። በቅጹ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ማስታወሻ» የምትል ጠባብ ዓምድ ነበረች።

ይህን ሥራ እንዴት እንደወደድኩት ለማስረዳት ይከብደኛል። ስመላለስበት ያደግሁት፣ ዝም ብሎ «ጫካ» ሲባል የኖረው ነገር ሁሉ በመልክ በመልኩ ተሰለፈልኝ። እኔ ሰው መሐል ብዙ አልናገርም፤ እዚያ ግን የመጨረሻው ቃል የኔ ነበር። ሜትሩን ሁለት ጊዜ እዘረጋለሁ፣ ካልተስማማልኝ ሦስተኛ። አቶ ደረጀ «ዳኛው፣ ፍርዱ መቼ ይሰጣል? ፀሐይ ጠለቀች እኮ!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

አሥራ አራተኛው ቦታ ከአንድ መንደር በላይ ያለ ኮረብታ ነው። ታኅሣሥ ነበር። ደረቅ ነፋስ የማሽላውን አገዳ ያንኳኳል፤ ከታች ሰዎች ጫታቸውን በጄሪካን ያጠጣሉ። ሼህ ሙሜ የኮረብታው ሥር ገበሬ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ። ገና ከመኪና ስንወርድ የማሽላ ቂጣ በሑልበት፣ በተመታ አብሽ፣ አቀረቡልን፤ ከቡና ቅጠል የፈላውን ቁጢ ወተትና ጨው ጨምረው በትልቅ ጣሳ ሰጡን። አቶ ደረጀ ከበሉ በኋላ ወገቤን አመመኝ ብለው ዛፍ ጥላ ሥር ቀሩ። እኔና ሼህ ሙሜ ወጣን።

ገመዱን ዘርግቼ ስጨርስ ውጤቱ ለዓይንም ግልጽ ነበር። ክትክታ፣ ክትክታ፣ አሁንም ክትክታ። ጥቂት አጋም። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ቁልቁለቱ ሸርታታ። ልጽፍ ቁጭ ስል ሼህ ሙሜ ክንዴን ያዙኝ።

«ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

አንዱን የክትክታ ቁጥቋጦ በሁለት እጃቸው ከፈሉት። ከመሐሉ የወይራ ችግኝ ቆሟል፣ የቅጠሉ ጀርባ ብር መስሎ። ጉልበቴ ይደርሳል። ሁለተኛውን ከፈሉ፤ ሌላ ወይራ፣ ወገቤ ድረስ። ሦስተኛው ደረቴ ጋ ደረሰ። ሁሉም ጋ አንድ አንድ ነበረበት ማለት ይቻላል።

«ኤጀርሳ ነው» አሉ፣ ወይራን በኦሮምኛ ጠርተው። «ፍየል ክትክታ አትበላም፣ አቦ። ልጁን እዚያ ውስጥ ደበቅነው። ክትክታው ዘበኛዬ ነው። ደመወዝ አይል፣ እንቅልፍ አይል።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። በልጅነታቸው ኮረብታው የትልልቅ ወይራ ደን ነበር፤ ከሥሩም ምንጭ ይፈልቅ ነበር፣ ሦስት መንደር የሚያጠጣ። አባታቸው በክፉ ዘመን ደኑን ለከሰል ቆረጡት። ምንጩም ደረቀ። አባት ሊሞቱ ሲሉ «አንተ መልሰው» አሏቸው።

«ለአላህ ቃል ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክትክታ እንዳይቆረጥ ጠበቅሁ። ሰው ዕብድ ነው ይለኛል። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ እኔ ወረቀት የለኝም። አንተ የምትጽፈው የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ኤጀርሳ አለ በልልኝ።»

«አባ፣ ከሁለት ሜትር በታች አይቆጠርም» አልኳቸው።

«ታድያ ሕፃን ሰው አይደለም? መንግሥት ሰው ሲቆጥር ሕፃን ይተዋል?»

እኔ ግን ደንቤን ያዝኩ። ጻፍኩ፦ ክትክታ የበዛበት የተራቆተ ቁጥቋጦ፣ በድንጋያማ ቁልቁለት። ሼህ ሙሜ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እስክሪብቶዬ ቶሎ ሲቆም ግን ኤጀርሳውን እንደተውኩት አወቁ። የከፈቷቸውን ቁጥቋጦዎች አንድ በአንድ መልሰው ገጠሟቸው።

ስንወርድ ለአቶ ደረጀ ነገርኳቸው። ቅጹን አዩና «ልክ ነው። ግን ማስታወሻው ላይ ጣል አድርግላቸው፣ ምን ይጎዳል?» አሉ።

«ምን ብዬ? ‹ወደፊት ደን ሊሆን ይችላል› ብዬ? ያልለካሁትን አልጽፍም፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ዳኛው» ብለው ሳቁ፤ መኪናው ተነሣ። ዓምዷ ባዶ ቀረች። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር። ሽማግሌ በቂጣና በቁጢ ያላባበለው ሰው ነኝ ብዬ።

ሰኔ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ከአቶ ደረጀ ካርታ ተነሥቶ ለክረምት ተከላ የተመረጡ ቦታዎችን ዝርዝር ልኮ አስባዛ። ከተራቆተ መሬት ላይ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከላል ይላል። ሠላሳ ቅጂ አወጣሁ። እንደ ልማዴ እያነበብኩ ነው፣ ግን የማነበው የፊደል ስሕተት ካለ ብዬ ነበር። በስቴፕለር እየመታሁ ሳለ አሥራ አራት ቁጥርን አየሁ። ከጎኑ ያለው መግለጫ የኔ ነበር።

ቅጂዎቹን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። የተቀበለኝ በኔ ዕድሜ ያለ ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልኝ።

«አሥራ አራት ቁጥርን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። እዚህ ኮረብታ ላይ ወይራ አለ። እንዳይመነጠር» አልኩት።

«ወይራ? ምን ያህል?»

«ብዙ። ችግኝ ነው፣ ከክትክታው ሥር።»

ፋይል አገላብጦ አንድ ወረቀት አወጣ። «ይሄ ያንተ ጽሕፈት አይደለም እንዴ? በጣም ንጹሕ ሥራ ነው፣ ከሁሉም የማምነው ይሄን ነበር። ወይራ ግን የለበትም። ማስታወሻውም ባዶ ነው።» አየኝ። «ወንድሜ፣ ይሄን ልመን ወይስ አንተን?»

ሁለቱም እኔ ነበርኩ። ቆይቶም፣ ምንጣሮው ከተጀመረ ሦስት ቀን እንደሆነው ነገረኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ሶፊ ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል። ኮረብታው ከሩቅ ታየኝ፤ ቀይ፣ ራቁቱን፣ ጉድጓድ በመስመር የተቆፈረበት። የባሕር ዛፍ ችግኞች በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድረዋል። ከታች የተነቀለው ቁጥቋጦ ተከምሯል። ከክምሩ ውስጥ የወይራ ቅጠል፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ፣ ዝናብ ያንጠባጥባል። መቁጠር ጀመርኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረምና። ሥሩ ድረስ የተነቀሉ ነበሩ። አንዱን ቀና አድርጌ ከሰውነቴ ጋር አስተያየሁት፤ ከራሴ በለጠ፣ ሁለት ሜትሩን ያለፈ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከገመዴ ውጭ የነበረ መሆን አለበት።

ሼህ ሙሜ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«መጣህ?» አሉኝ።

«መጣሁ። ሼህ ሙሜ፣ እኔ…»

«መጀመሪያ ቁጢ ጠጣ። በርዶሃል።»

ጠጣሁ። ጣሳውን መልሼ ሰጠኋቸው።

«ወረቀቱን ይዘው መጥተው አነበቡልኝ» አሉ። «ዋላሂ፣ ምንም አልተሳሳትክም። ክትክታው ልክ ነው። ድንጋዩ ልክ ነው። ቁልቁለቱ ልክ ነው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እኔ እንዲህ የሚያይ ዓይን ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ከኔ ጋር ሆነህ አየህ እኮ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ፣ «አላህ ያውቃል» አሉ። ይህ ይቅር ማለት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ከባሕር ዛፉ አብዛኛው በበጋው ደረቀ፣ የቀረውን ፍየል ረገጠው። በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ማሽላው አወረደው። ዛሬ የኮረብታው ግርጌ ጫት ነው፤ በቦቴ ከሩቅ በሚመጣ ውሃ ይጠጣል። ላዩ ድንጋይ ነው። ዛሬ ገመድ ብዘረጋበት የሚቆጠር አይገኝም።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ደንቡ ስሕተት ነበር ብዬ ባመልጥ ይቀለኝ ነበር። ደንቡ ግን ስሕተት አልነበረበትም። ዛሬ በአንድ ቦታ ላይ ምን እንደሚበዛ መናገር የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ ያለዚያ ሁሉም ነገር ተመልሶ «ጫካ» ይሆናል። ማስታወሻ የምትባለውን ዓምድ ያስገቡ ሰዎችም ከኔ ብልጥ ነበሩ፤ ሜትር የማይደርስበት ነገር እንዳለ አውቀው ቦታ ትተውለታል። ያን ቦታ ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ። ያየሁትን አላየሁም ማለት ውሸት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ሼህ ሙሜ በሕይወት አሉ። አርጅተዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ለገበያ ሲመጡ አልፎ አልፎ ፈረስ መጋላ ላይ እንገናኛለን። እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙና እናቴን ይጠይቁኛል፣ ሥራዬን ይጠይቁኛል፣ «ሚስትስ? አሁንም የለችም?» ብለው ይስቁብኛል። ስለ ኮረብታው አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እኔ ኤጀርሳውን አይቼ እንደተውኩት ልነግራቸው የምፈልገውን ለዓመታት አዘጋጅቼዋለሁ፤ አጭር ነው፣ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። ባለፈው ወር አፌን ልከፍት ስል የሶፊ ሚኒባስ መጣ። ደግፌ አሳፈርኳቸው። በመስኮቱ «ለእናትህ ሰላም በልልኝ» አሉኝ፤ እሺ አልኳቸው።