የወንድሜ ፊት በባለ ቀለም ቴሌቪዥን

ባለፈው ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሽሮ ስበላ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ የድሮ ድራማ ይታይ ነበር። አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችና፣ "እትዬ ሙሉ፣ የድሮ አክተሮች ፊታቸው ለምንድነው ብርቱካን የሚመስለው?" አለችኝ።

"መብራቱና ሜካፑ ነው" አልኳት። መብላቱን ግን ተውኩት።

የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ከአገር ቤት ለትምህርት አስመጥቶኝ ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ዌስትቼስተር ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል የእንግዶች መኪና ፓርክ ያደርጋል። አንዱ እንግዳ መልኩን ወዶለት ስቱዲዮ ወሰደውና፣ በድራማ ውስጥ የአምባሳደር ሹፌር ሆኖ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

ድራማው የሚተላለፈው እሁድ ከሰዓት ነው። እሱ ሥራ ስለነበረው፣ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ወዳላቸው ጎረቤታችን ወደ ሚስስ ዶሪስ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ጥቅምት ነው፤ የሎስ አንጀለስ ጥቅምት ደግሞ ያቃጥላል። የተጠበሰ ዶሮ አቀረቡልኝ።

ነጮቹ ተዋንያን ጉንጫቸው እንደ ኮክ ቀልቶ ታዩ። ከዚያ ጌታቸው ከመኪናው ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኗል። አባታችን በጉበት በሽታ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ልክ እንዲህ ነበር የሆነው። ዶሮውን አስቀመጥኩ። ሚስስ ዶሪስ የቀለሙን ማስተካከያ ወዲህ ወዲያ አዞሩት። ነጮቹ ሐምራዊ ሆኑ፤ የእሱ ፊት ግን አልጠራም። ሌሊት ገብቶ ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ፣ በቀን ብርሃን ካየሁት ቆይቷል።

"ወንድሜ ታሟል፤ ደብቆኛል" አልኳቸው። የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ ከሞተ እዚህ አገር ከማን ጋር ልቀር ነው?

ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ያው ጠይሙ ጌታቸው። ሮጬ ሄጄ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ብዬ የዓይኑን ሽፋን ገልጬ አየሁ።

"ምን ሆነሻል?"

"ጋሼ፣ እንደ አባባ ሆነህ አየሁህ!"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የስቱዲዮ ሰዎች ካሜራውን ሲያስተካክሉ አንዲት ነጭ ሴት ፊት ለፊቱ አቁመው የእሷ መልክ እስኪያምር ድረስ ቀለሙን እንደሚለኩ፣ ያ የሚለበልብ መብራትም ለእንደሷ ዓይነት ቆዳ ተብሎ እንደሚበራ፣ ለእሱ የሚሆን ሜካፕ አጥተው ያገኙትን ደባልቀው እንደቀቡት ነገረኝ።

"ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔም እዚያው ስቱዲዮ ራሴን ሳየው አባባ መሰልኩ። ይህን ሁሉ ቢያስረዱኝም አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት ደሜን ተመረመርኩ። ውጤቱ ነገ ነው።"

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። በማግስቱ ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ "ጤነኛ ነህ" ሲለው፣ ጌታቸው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ስቱዲዮ ድጋሚ ሲጠሩት አልሄደም።

አሁን ሰባ አልፎታል፤ ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ባለው ቤቱ ጓሮ ውስጥ ቲማቲም ይተክላል። ካሜራው እንደዋሸኝ በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ገብቶኛል። ፍርሃቱ ግን የራሴ ነበር፤ አልለቀቀኝም። ዛሬም ደውዬ ስልኩን ሳያነሳ ሲቀር፣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ አመድ የመሰለ ፊት ነው።